ለሪያድ ፀሐያማ አጥር የሚመረጡ ፈጣን ሐረጎች

በሪያድ መኖሪያ ቤቶችን የሚከብቡት ረጃጅም አጥሮች የቤተሰብን ገመና ይጠብቃሉ፤ በሙቀቱ ወራት ግን ቀን የዋጡትን ትኩሳት ሌሊቱን ወደ ግቢው ይመልሱታል። ግድግዳን በሐረግ ማልበስ ይህን ሙቀት ከሚያቃልሉ ዘዴዎች አንዱ ነው። ከተማዋ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ይፋ በሆነው «አረንጓዴዋ ሪያድ» መርሐ ግብር 7.5 ሚሊዮን ዛፎችን ለመትከል አቅዳለች። በግል ግቢዎች ግን ተክሉን መንከባከብ ብዙውን ጊዜ የአትክልተኛው፣ የጥበቃው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ኃላፊነት ነው፤ ሐረጉ ሲደርቅም መጀመሪያ የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው።

ፀሐያማ ግድግዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ሪያድ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 25 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ በጁን የቀትር ፀሐይ በአናት ላይ ትቆማለች፤ ስለዚህ በዚያ ወር ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ከሚታሰበው ያነሰ ፀሐይ ያገኛል። የሚያስቸግረው ወደ ምዕራብ የሚያየው ነው። ከቀትር በኋላ አየሩ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለፈበት ሰዓት ፀሐይን ፊት ለፊት ይቀበላል። በዲሴምበርና በጃንዋሪ ደግሞ የሌሊቱ ቅዝቃዜ አንዳንዴ ወደ ዜሮ ሊጠጋ ስለሚችል፣ ሙቀትን ብቻ የሚችል ተክል አይበቃም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ምዕራባዊ ግድግዳ ቀዳሚው ምርጫ ቡገንቪሊያ ነው። በባሕር ዳርና በድሬዳዋ አጥሮች ላይ ያየው ሰው ወዲያው ያውቀዋል። በዐረብኛ «ጀሃነሚያ» ይባላል፤ ስሙ ከገሃነም የመጣ ቢሆንም ተክሉ የሚያሳየው የእሳቱን ቀለም እንጂ ቅጣቱን አይደለም። አበባ መስለው የሚታዩት ቀያይና ሐምራዊ ነገሮች በእርግጥ ቀለማቸውን የቀየሩ ቅጠሎች ናቸው፤ እውነተኛው አበባ በመካከላቸው ያለው ትንሽ ነጭ ነገር ነው። ቡገንቪሊያ ግድግዳን በራሱ አይጨብጥም፤ በእሾሁ እየተደገፈ ስለሚወጣ ሽቦ ተዘርግቶለት ቅርንጫፎቹ መታሰር አለባቸው። ሥሩ ሲነካ በቀላሉ ስለሚጎዳ ከፕላስቲክ ማሰሮው ሲወጣ አፈሩ መበተን የለበትም። ሥር ከሰደደ በኋላ ብዙ ውኃ ሲያገኝ ቅጠል ያበዛል፣ አበባውን ግን ይቀንሳል። ሕፃናት በሚተላለፉበት ጠባብ መንገድ ዳር ባይተከል ይመረጣል።

ከሁሉም በፍጥነት የሚያድገው «ሲት አል-ሑስን» የሚባለው የወይን ጠጅ ቀለም አበባ ያለው ሐረግ ነው። ባዶ ግድግዳን በአንድ የሙቀት ወቅት ሊሸፍን ይችላል። ነገር ግን ውኃ ይፈልጋል፤ አጠገቡ ያለውን ተክል ሁሉ ጠቅልሎ ያንቃል፤ ስለዚህ ሌላ ሐረግ እስኪደርስ እንደ ጊዜያዊ መሸፈኛ ቢቆጠር ይሻላል። መዓዛ ለሚፈልጉ የኢትዮጵያው ጠምበለል ዘመድ የሆነው ያስሚን አለ፤ ከቀትር በኋላ ጥላ በሚያገኝ በምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ ይስማማዋል። የወይን ሐረግም ሊናቅ አይገባም፤ በሙቀቱ ጊዜ ጥላ ይሰጣል፣ በብርዱ ቅጠሉን አራግፎ ፀሐይን ያስገባል። በሥሩ ግድግዳ ላይ የሚጣበቀው ተሳቢ ፊከስ ግን በምዕራብ በኩል ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ሲነቀልም የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይወጣል።

ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች በቀላሉ የሚሳሳቱት በተከላው ወቅት ነው። በአገር ቤት ሰኔና ሐምሌ የዝናብና የችግኝ ተከላ ወራት ናቸው፤ በሪያድ ግን እነዚሁ ወራት የሙቀቱ ጫፍ በመሆናቸው ለአዲስ ችግኝ የሞት ጊዜ ናቸው። እዚህ የሚተከለው ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ፣ ወይም በኦክቶበር ነው። ጉድጓዱ ከግድግዳው ሥር ሳይሆን ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይቆፈራል፤ ከግንቡ ሥር ያለው አፈር የጋለና የሲሚንቶ ፍርስራሽ የበዛበት ነውና። ሽቦውም ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ቢርቅ አየር ስለሚዘዋወርበት ቅጠሉ አይቃጠልም።

የሪያድ አፈር ኖራ የበዛበት በመሆኑ ተክሉ ብረትን ከአፈሩ ለመውሰድ ይቸገራል። የቅጠሉ ሥሮች አረንጓዴ ሆነው ሌላው አካሉ ቢጫ ከሆነ፣ ምልክቱ በአብዛኛው የብረት እጥረት እንጂ የጥማት አይደለም። ውኃ በላዩ ላይ መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል። በዐረብኛ «መሽተል» በሚባሉት የችግኝ መሸጫዎች «ሐዲድ» ተብሎ ቢጠየቅ ለዚሁ የተዘጋጀ የብረት ማዳበሪያ ይገኛል።

ወደ ከተማዋ የሚመጣው የመጠጥ ውኃ ብዙው ጨው ተጣርቶለት ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደርስ ነው፤ ስለዚህ በጎማ ከማጥለቅለቅ ይልቅ የጠብታ መስኖ ይመረጣል። በየቀኑ በጥቂቱ ከማርከፍከፍ ይልቅ አፈሩ ጠለቅ ብሎ እስኪርስ አጠጥቶ ላዩ እስኪደርቅ መጠበቅ ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ ያደርገዋል። ሰዓቱም ማለዳ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ሥር ማሠራት የተከለከለ ነው። ማሰርም ሆነ መግረዝ ካለ ከዚያ በፊት ይጠናቀቃል፤ ለቡገንቪሊያ ደግሞ ዋናው መግረዣ ጊዜ ብርዱ ሲያበቃ ነው፣ አበባው የሚወጣው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ነውና።