ግላኮማና ጠብታዎቹ፦ ከጨንቻ ደጋ እስከ አርባ ምንጭ ቆላ

በጋሞ ምድር ስለ ዓይን ደዌ ሲነገር ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ትራኮማን ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትራኮማ ያቈስላል፥ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ አዙሮ ዓይንን ይወጋል፥ መድኃኒቱም በዘመቻ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ ይታደላል። ግላኮማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሳያሰማ፥ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊቱ በርትቶ ነርቩን ሲጐዳ፥ እይታን ከዳር ጀምሮ እያጠበበ ብርሃንን የሚነጥቅ፥ የነጠቀውንም የማይመልስ ደዌ ስለ ሆነ፥ ሕሙሙ ከሐኪም ፊት የሚደርሰው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፥ ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች መካከል የግላኮማ ድርሻ ከመቶ 5.2 ሆኖ ተገኝቷል።

የግላኮማ መድኃኒት ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ከአፍሪካ ነው። በምዕራቡ ዳርቻ በካላባር አገር፥ በጥንቈላ የተከሰሰ ሰው መርዘኛ ባቄላ ተበጥብጦ ይሰጠውና፥ ቢያስመልሰው ንጹሕ፥ ቢሞት በደለኛ ይባል ነበር። ከዚህ የፍርድ መርዝ የወጣውን ፊዞስቲግሚን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1876፥ እርሱ ራሱ በዚሁ ደዌ የተያዘው ሐኪም ሉድቪግ ላኰር ለግላኮማ ሕክምና አዋለው። ወዲያውም ከብራዚል ቅጠል የተገኘው ፓይሎካርፒን ተከተለ፤ እርሱም ግፊቱን ቢያበርድ ብሌንን አጥብቦ ግንባርን ያሳምማል፥ በምሽትም እይታን ያደበዝዛል። የዶርዜ ሸማኔ ይህን ጠብታ ጨምሮ በቀርከሃ በታነጸ ጨለም ያለ ቤቱ ውስጥ የተበጠሰ ድር ልቀጥል ቢል፥ መቸገሩን መገመት አያዳግትም።

በአውሮፓውያኑ 1950ዎቹ የመጣው የአሴታዞላማይድ ክኒን ጣትን ያደነዝዛል፥ ሽንትን ያበዛል፥ የኩላሊት ጠጠርም ያመጣል። በዚያው አቈጣጠር በ1978 የወጣው ቲሞሎል ግን ብሌንን ስለማያጠብ በዓለም ሁሉ ተወደደ፤ ሆኖም በእንባ ቧንቧ ወደ አፍንጫ ወርዶ ከደም ጋር ስለሚቀላቀል የልብን ምት ያዘገያል፥ አስም ያለበትንም ሊያፍን ይችላል፤ ስለዚህ የዓይን ሐኪም አስቀድሞ ስለ ትንፋሽ መጠየቅ፥ ሕሙሙንም ጠብታው እንደ ገባ ከአፍንጫው በኩል ያለውን የዓይን ማዕዘን በጣት እንዲጫን ማስተማር ግድ ሆነበት።

በአውሮፓውያኑ 1996 የተፈቀደው ላታኖፕሮስት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መጨመሩ ትልቅ ጸጋ ነው። ዓይንን ያቀላል፥ ሽፋሽፍትን ያረዝማል፥ የዓይንንም ቀለም ያጠቍራል፤ ይህ የመጨረሻው ቅይጥ ቀለም ያለው ዓይን ላላቸው ፈረንጆች እንጂ ለእኛ እምብዛም የሚያሳስብ አይመስለኝም። የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይጠበቃል፥ ከተከፈተም በኋላ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሊያገኘው አይገባም። የጋሞ ጐፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከብርዳሟ ጨንቻ ወደ ሞቃታማው የአባያና የጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ከወረደ ወዲህ ዋናው ሆስፒታል በአርባ ምንጭ ሆነ፤ በከተማይቱ በሲቀላ ሠፈር የሚኖር ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ብልቃጡን የሚያኖርበት ሲቸግረው፥ ለመድኃኒቱ የሚስማማ አየር ያለው የደጋ ሰው ደግሞ እርሱን ለመግዛት ተራራውን ወርዶ መውጣት ግድ ሊሆንበት ይችላል።