የሕፃናት የጆሮ ሕመምና የክትባት ታሪክ

የሕፃናትን ጆሮ መግል የሚያስይዙ ረቂቅ ተሐዋስያን ብዙ ናቸው። ከዋነኞቹ አንዱ ኒሞኮከስ ነው፤ ይኸውም የሳንባ ምችንና ማጅራት ገትርን ያስከትላል፥ ከ90 የሚበልጡ ዓይነቶችም አሉት።

እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የተፈቀደው ክትባት ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አልበጀም፤ ከባክቴሪያው ሽፋን የተወሰደውን ስኳር ሰውነታቸው አጥብቆ አይዋጋምና። ሊቃውንት ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር አጣምረው፥ በ2000 ሰባት ዓይነቶችን የሚከላከል የሕፃናት ክትባት ተፈቀደ።

በፊንላንድ ተፈትኖ ውጤቱ በ2001 ሲታተም፥ በሰባቱ ዓይነቶች የሚመጣው የጆሮ ሕመም በ57 ከመቶ ሲቀንስ፥ ጠቅላላው ግን የቀነሰው በ6 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሰባቱ የለቀቁትን ስፍራ በከፊል ሌሎች ዓይነቶች ይዘውት ነበር።

አገራችን በ2004 ዓ.ም. አሥር ዓይነቶችን የሚከላከለውን ክትባት ስትጀምር፥ ዋናው ዓላማ ሕፃናትን ከሳንባ ምች ማዳን ነበር። እንግዲህ የተከተበ ልጅዋ ጆሮ ሲመግል ያየች እናት ክትባቱን ከንቱ ብትለው አይፈረድባትም፤ ጥፋቱ ከመጠን ያለፈ ተስፋ የሰጣት ሰው ነው። ክትባቱ የሚያደርገውን ያህል ብቻ መንገር እምነቷን ይጠብቃል ብለን እናምናለን።