ከታጁራ እስከ ይፋት ቆላ፦ በበርናትስ ሥዕሎች ውስጥ ብርሃንና ትዝታ



ስለ ይፋት ቆላ ለመናገር ከባሕር ዳር መነሣቴ እንግዳ አይሁንባችሁ። በካፒቴን ኮርንዋሊስ ሀሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ በ1841 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ታጁራ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ በፋሬ በኩል ወደ አንኮበር ወጣ፤ በኅዳርም ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተዋዋለ። የጓዱ ሠዓሊ ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን በርናትስ ነበር። ሥዕሎቹ ሊቶግራፍ በሚባለው የድንጋይ ኅትመት ለሕዝብ የቀረቡት ግን በ1852 ነው። የዛሬው ንግግሬ በዚህ የዐሥር ዓመት ክፍተት ላይ ያተኩራል።

በርናትስ ሥዕሎቹ ከተፈጥሮ የተነደፉ ናቸው ይላል። የተራራውን ቅርጽ በተመለከተ አምነዋለሁ። ብርሃኑስ? በዚያ ዘመን የተለመደው የባለ ሁለት ድንጋይ ኅትመት አንዱ ድንጋይ ጥቁሩን መስመር፣ ሌላው ለስላሳውን ቀለም ያሳርፍ ነበር፤ ፀሐይ የመሰለን ቀለም ያልነካው ወረቀት ነው። በዚህ ላይ እንግሊዛዊው ዊልያም ጊልፒን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው የመልክዓ ምድር ወግ ነበር፦ ጥላ ያረፈበት ቅርብ መሬት፣ የበራ መካከል፣ የደበዘዘ ሩቅ ተራራ። ደግሞም ሀሪስ በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ በአሳል አካባቢ ሙቀቱ ስለ ጸና ጓዱ በሌሊት ይጓዝ ነበር። እንግዲህ የምናየው ብርሃን ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ የተሰናዳ ትዝታ ነው።

ነገሩ የሥነ ጥበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላደከምኋችሁ። ቆላው ቀድሞ ደን ነበር ወይስ ምድረ በዳ በሚለው ክርክር የተጓዦች ሥዕል እንደ ፎቶግራፍ ሲጠቀስ አያለሁ። የደበዘዘው ሩቅ ዛፍ የለሽ መስሎ ይታያል፤ የደበዘዘው ግን ወጉ ስለሚያዝዝ ሊሆን ይችላል።

ጓዱ የገባበት መንገድ ከጀውሃ በስተ ደቡብ ነው። ሆኖም የጀውሃ ሰው መመርመሪያውን ይሰጠናል። እዚያ ጧት ፀሐይ ከአፋር ሜዳ ያለ ከልካይ ትወጣና የምዕራቡን ገደል ፊት ታበራለች፤ ከቀትር በኋላ ገደሉ ራሱ ጥላውን በቆላው ላይ ይጥላል። ስለዚህ ከቆላው ወደ ደጋው በሚመለከት ሥዕል ገደሉ ፊቱ በርቶ ሳለ ከጀርባው ፀሐይ ስትጠልቅ ካያችሁ፣ ሁለቱ የአንድ ሰዓት ብርሃን አይደሉም። እንዲህ ያለውን ሥዕል ስለ ተራራው ቅርጽ ጥቀሱት፤ ስለ ዛፉ ብዛት ግን የጽሑፍ ምስክር እስክታገኙ ድረስ አቆዩት።