የሙላጎ ኮረብታው የካንሰር ሆስፒታል

«ካንሰር» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚበረው ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ዴልሂ ነው። ያለው ትኬት ይቆርጣል፣ የሌለው እርዳታ ይለምናል። እኛ ዛሬ ወደ ካምፓላ እንሂድ ብንል የሚስቅብን አይጠፋም። ይሁን! (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1957 ዴኒስ በርኪት የተባለ አየርላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ውስጥ መንጋጋው በሁለቱም በኩል ያበጠ ሕፃን አየ። ብዙም ሳይቆይ ጂንጃ ላይ ተመሳሳይ ሕፃን ገጠመው። በ1961 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አሮጌ መኪና ይዞ 10 ሳምንት፣ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፤ በየሆስፒታሉ «እንዲህ ያለ ሕፃን አይታችኋል?» እያለ። በሽታው የሚታየው ወባ በሚበዛበት አገር ሆኖ ተገኘ። ከካምፓላ በአውሮፕላን ወደ ለንደን ከሚላከው ናሙና ደግሞ አንቶኒ ኤፕስታይንና ባልደረቦቹ በ1964 አዲስ ቫይረስ አገኙ። በሰው ላይ ከካንሰር ጋር ግንኙነት እንዳለው የታወቀ የመጀመሪያው ቫይረስ ነው።

እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። ያኔ ካምፓላ ውስጥ የጨረር ሕክምና አልነበረም። ቢላዋም ለመንጋጋ እብጠት ብዙ አይፈይድም። የቀረው መድኃኒት መሞከር ነበር። ተሞከረ፤ እብጠቱ በቀናት ውስጥ ይሟሽሽ ጀመር፤ ጨርሰው የዳኑ ሕፃናትም ነበሩ። ካንሰር በመድኃኒት ብቻ ሊድን ይችላል የሚለው ሐሳብ ገና በሚያከራክርበት ዘመን መሆኑን አትርሱ።

በ1967 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በሙላጎ የሊምፎማ ሕክምና ማዕከል ከፈተ። የዛሬው የኡጋንዳ ካንሰር ኢንስቲትዩት መነሻ ይህ ነው። በርኪት ያኔ አገሩን ለቆ ሄዷል። ማዕከሉን የመራው አሜሪካዊው ጆን ዚግለር ነበር፤ ለዚህ ሥራው በ1972 የላስከር ሽልማት ከተሰጣቸው አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ኢዲ አሚን እስያውያንን አባረረ፤ ዚግለርም ወደ አገሩ ተመለሰ።

ታሪኩን የሚያወሩ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ለእኛ ዋናው ሰው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ኡጋንዳዊው ሐኪም ቻርልስ ኦልዌኒ። ኃላፊነቱን ተረክቦ፣ ኢኮኖሚው በተንኮታኮተበትና ምሁር በሚሳደድበት በአሚን ዘመን ሕክምናውንም ምርምሩንም አስቀጠለ። ሽልማት የሚያሰጥ ግኝት ይዞ ከመመለስና በሩ እንዳይዘጋ እዚያው ከመቆየት የቱ ይከብዳል? እኛ ሁለተኛው ነው እንላለን።

በ2015 ከአሜሪካው ፍሬድ ሃች ማዕከል ጋር በመተባበር አዲስ ሕንፃ ተመረቀ። በዓመቱ፣ በ2016፣ ከ1995 ጀምሮ ሲያገለግል የነበረው የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማሽን ላይጠገን ተበላሸ። ምትኩ የተመረቀው በጥር 2018 ነው። እስከዚያ ገንዘብ ያለው ናይሮቢ ሄዶ ታከመ፤ ጥቂቶች በእርዳታ ተላኩ፤ የቀሩት ጠበቁ።