ማንን አሸነፈ?

ጭሮ ላይ የኳስ ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚቆጠረው ዋንጫ ነው። በዋንጫ ከሆነማ ነገሩ አልቋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ30 ያላነሰ አለው፣ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ 5 ብቻ። እኛ ግን ሌላ ሚዛን ይምጣ እንላለን፦ ያሸነፈው ማንን ነው? የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ዓይነት እግር ኳስ ሲያወዳድሩ ደካማውን ደርድሮ የረታውንና ታላላቆቹን ገጥሞ የረታውን በአንድ ዓይን አያዩትም።

በዚህ ሚዛን ጥጥ ፋብሪካ ቀላል አይደለም። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከ1955 እስከ 1959 ከነበሩት 5 የኢትዮጵያ ሻምፒዮናዎች 3ቱን የወሰዱት የኤርትራዎቹ ሐማሴንና አከለ ጉዛይ ናቸው፤ የቀሩትን መቻልና ቴሌ ተካፈሉ። ጥጥ ፋብሪካ በ1960 ብቅ ያለው በነዚህ መሀል ነው። ከዚያ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 ደገመ። የ1964ቱንም የወሰደው ሌላው የድሬዳዋ ቡድን ኢትዮ ሲሚንቶ ነው። በስድስት ዓመት አምስት ዋንጫ ወደ አንድ ከተማ! በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎም አስመራ ተወልዶ የጥጥ ፋብሪካን ማልያ የለበሰ ሰው ነው። ፋብሪካው የባላንጣውን ጉልበት ወደ ራሱ ማምጣት ያውቅበት ነበር።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ በ1965 መጀመሪያ አክራ ላይ ሲጠናቀቅ ከቀሩት አራት ቡድኖች አንዱ ጥጥ ፋብሪካ ነበር። በስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸነፈ። መዝገቡ ላይ አንድ ሽንፈት ናት፤ ግን እዚያ ድረስ ሄዶ መሸነፍ እኮ ራሱ ሚዛን ይደፋል።

ታዲያ ጨርጨርስ? በሻምፒዮኖቹ ዝርዝር ጭሮም፣ ገለምሶም፣ በዴሳም፣ ሂርናም፣ ሚኤሶም የሉም። «ዜሮ ድል» ብሎ የሚያሾፍብን ግን ሒሳብ ይማር። ከአሥር ግጥሚያ ዜሮ ሌላ፣ ከዜሮ ግጥሚያ ዜሮ ሌላ ነው። ሐረርጌ በወረቀት አንድ ጠቅላይ ግዛት ሆኖ በእነዚያ ዓመታት ሜዳ ላይ ሲቆጠር ድሬዳዋ ብቻ ነበር። ድሬዳዋ በ1902 ከባቡሩ ጋር የተወለደች፣ ቡድኖቿን በፋብሪካ ስም ትጠራ የነበረች ከተማ ናት። የኛን አሰበ ተፈሪ ያቀኑት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰውዬ። መንገድ አውጥተውላታል፤ ሐዲዱ ግን ቆላ ለቆላ፣ በሚኤሶ በኩል አለፈ። ሽቅብ ወደኛ የሚወጣው ቡናና ጫት ሊጭን የሚመጣው የጭነት መኪና ነው። ባዶ እግሩን ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ጠፍቶ አያውቅም፤ የጠፋው ደመወዝ ከፍሎ ቡድን የሚያሳድር ቀጣሪ ነው።

ስለዚህ ሠንጠረዡን የምትሠሩ ጓደኞቻችን፣ ከ«አሸነፈ» እና ከ«ተሸነፈ» ጎን «ያልገጠመ» የሚል ሦስተኛ መስመር አስምሩልን፤ የኛን ከተሞች እዚያ ጻፉልን።