ያለ መርፌ የሚነበብ ደም

በደም ውስጥ ያለውን የኦክሲጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በትክክል ለማወቅ ከደም ቅዳ በመርፌ ደም መውሰድ ግድ ነው። በዕድሜ በገፋ በሽተኛ ላይ ግን ይህ ቀላል አይደለም። የደም ሥሩ ጠንክሮ ከመርፌው ይሸሻል፤ የተወጋው ቦታ ይበልዛል፤ የተገኘውም ውጤት ደሙ የተቀዳባትን ደቂቃ ብቻ ይናገራል። ያለ መርፌ የሚለካ መሣሪያ ለብዙ ዘመን ሲፈለግ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጀርመናዊው ካርል ማቴስ እ.ኤ.አ. በ1935 በሁለት የብርሃን ሞገዶች አማካይነት በጆሮ ላይ ደምን ለማንበብ ሞከረ። አሜሪካዊው ግሌን ሚሊካን ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን አብራሪዎች የጆሮ መለኪያ ሠርቶ «ኦክሲሜትር» የሚለውን ስም አወጣለት። ሁለቱንም ያስቸገረው ብርሃኑን የሚውጠው የደም ቅዳው ደም ብቻ ሳይሆን ቆዳውም ሥጋውም መሆኑ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። በቶኪዮ የኒሆን ኮህደን ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ታኩኦ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይደክም የነበረው፣ ልብ በደቂቃ የሚረጨውን የደም መጠን በደም ሥር በሚሰጥ ቀለምና በጆሮ ኦክሲሜትር ለመለካት ነበር። ይሁን እንጂ የልብ ትርታ የቀለሙን መስመር እያወዛወዘ ያበላሽበታል። ሁለት የብርሃን ሞገዶችን አመዛዝኖ ትርታውን ሊያጠፋ ቢችልም፣ የደሙ ኦክሲጅን በተለወጠ ቁጥር ትርታው ተመልሶ ብቅ ይላል። አዮያጊ የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው። ሊያስወግደው የደከመበትን እንከን ራሱን የመለኪያው መሠረት አደረገው። ከትርታ ጋር የሚዋዥቀው የደም ቅዳው ደም ስለሆነ፣ መዋዠቁ ብቻ ሲወሰድ ቆዳና ሥጋ ከስሌቱ ይወጣሉ፤ የቀይና የኢንፍራሬድ ብርሃን መዋዠቅ ሲነጻጸርም የኦክሲጅኑ መቶኛ ይታወቃል። የፈጠራ መብት ማመልከቻው የገባው በማርች 1974 ሲሆን፣ ሚኖልታ ኩባንያ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ የቀረበው ከአንድ ወር ያህል በኋላ ነበር። አዮያጊ በ2020 ሲያርፍ፣ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት መሣሪያው ከሆስፒታል አልፎ በየቤቱ ገብቶ ነበር።

ነገር ግን ንጽጽሩን ወደ መቶኛ የሚለውጠው ሠንጠረዥ ከንጹሕ ፊዚክስ የመጣ አይደለም፤ አነስተኛ ኦክሲጅን እንዲተነፍሱ ከተደረጉ ጤነኛ ጎልማሶች የተለካ ነው። የሽማግሌው ጣት ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ትርታው ደካማ ነው፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። የቆዳ ቀለምም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተሰበሰበና በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ሲያነብ፣ የደሙ እውነተኛ መጠን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች ከተወሰዱት ልኬቶች በ3.6 በመቶው፣ በጥቁሮች ግን በ11.7 በመቶው ነበር። ለእኛ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ከዚህም ሌላ መሣሪያው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ፈጽሞ አያይም። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለበት አረጋዊ ኦክሲጅን ሲሰጠው ቁጥሩ ያማረ ሆኖ ሳለ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ ሊያፈዘውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። ይህን ያለ መርፌ ለመከታተል ቆዳን የሚያሞቅ ኤሌክትሮድ አለ፤ ሆኖም የአረጋዊ ቆዳ ስስ ስለሆነ እንዳያቃጥለው በየጥቂት ሰዓቱ ቦታውን መለወጥ ያስፈልጋል።