የኩላንት መስመር ቅየራ

የኩላንት መስመር ቅየራ የመኪና ሞተርን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ (ኩላንት) ከሞተሩ የሚወጣበትን ቦታና ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ቱቦ በመቀየር የሚሠራ ማሻሻያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በፋብሪካ ሳይሆን በባለቤቱ እጅ ወይም በትንሽ ጋራዥ ነው። በደንብ ከሚታወቁት ምሳሌዎች አንዱ የማዝዳ ኤም ኤክስ-5 (በሰሜን አሜሪካ ሚያታ፣ በጃፓን ሮድስተር) የመጀመሪያና የሁለተኛ ትውልድ መኪናዎች ላይ የሚሠራው ነው፤ ይህ ጽሑፍም በዋናነት እሱን ይመለከታል። ማሻሻያው የራዲያተሩን አቅም አይጨምርም። የሚቀይረው ፈሳሹ በየትኞቹ ሲሊንደሮች አጠገብ አልፎ እንደሚወጣ ብቻ ነው። ሁለቱ ነገሮች ሲምታቱ፣ ራዲያተሩ የተደፈነበት ሰው ብዙ ደክሞ ቱቦ ይቀይርና ሞተሩ እንደ ቀድሞው ይሞቅበታል።

መነሻው

ኤም ኤክስ-5 ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። ሞተሩ ግን ለእሱ ብቻ ተብሎ የተነደፈ አልነበረም። 1.6 ሊትሩ ቢ6ም ሆነ ከ1994 ሞዴል ጀምሮ የመጣው 1.8 ሊትሩ ቢፒ፣ ማዝዳ 323ን በመሰሉ በፊት ጎማ የሚነዱ መኪናዎች ላይ ከሚገኘው የቢ ሞተር ቤተሰብ ናቸው። በ323 ላይ ሞተሩ በአግድም ይቀመጣል፤ የውሃ ፓምፑ በአንዱ ጫፍ፣ ቴርሞስታቱ ደግሞ በሌላው ጫፍ ነው። ውሃው በአንድ በኩል ገብቶ አራቱንም ሲሊንደሮች አልፎ በሌላው በኩል ይወጣል።

ኤም ኤክስ-5 በኋላ ጎማ ስለሚነዳ ሞተሩ ዞሮ በቁመት ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ የቴርሞስታቱ ጫፍ የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው ክፍል ከሚለየው ግድግዳ ጋር ሊነካካ ደረሰ። ማዝዳም የውሃውን መውጫ ወደ ቴስታታው ፊት አዛወረው። ቱቦው አጠረ፣ የመገጣጠሙ ሥራም ቀለለ፤ ግን መግቢያውም መውጫውም በአንድ በኩል ሆኑ።

ፈሳሽ ተቃውሞ ባነሰበት መንገድ ይበልጥ ይፈስሳል። ከፓምፑ የተነሣው ውሃ ሰፊ ክፍሉ በፊተኛው ሲሊንደር አካባቢ ወደ ቴስታታው ወጥቶ ወዲያው ወደ ራዲያተሩ መመለስ ይችላል። ከኋላ የቀረለት መውጫ ወደ ካቢን ማሞቂያው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ነው። ስለዚህ ከግድግዳው አጠገብ ያለው 4ኛው ሲሊንደር ከ1ኛው ይልቅ ሞቆ ይሠራል። የሞቀ ሲሊንደር ለኖክ (ነዳጁ ከጊዜው በፊት ራሱን አቀጣጥሎ ፒስተኑን መምታቱ) ቅርብ ነው፤ የሞተሩ የማቀጣጠያ ጊዜም በጣም በሚሞቀው ሲሊንደር ልክ ካልተስተካከለ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ብሎኩ የብረት፣ ቴስታታው የአሉሚኒየም በመሆኑም ከመጠን ያለፈ ሙቀት ቴስታታውን አጣምሞ ጓርኒሲዮኑን ሊያቃጥል ይችላል።

ማዝዳ ራሱም ነገሩን ሳያውቀው አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ2001 ሞዴል ጀምሮ በቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ላይ ያሉት የውሃ ቀዳዳዎች ተስተካክለው ብዙ ውሃ ወደ ኋላ እንዲሄድ ተደርጓል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የመስመር ቅየራው ጥቅም ከቀደሙት ያነሰ ነው።

አሠራሩ

ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ቴርሞስታቱን በ323 ወደነበረበት ወደ ኋላ መመለስ። ከፊት ያለው መውጫ በክዳን ይደፈናል። በቴስታታው ጀርባ ያለው ትንሽ ክፍል ወልቆ ቴርሞስታት የሚይዝ ቤት ይገጠምለታል። ለዚህ የተሠሩ ሙሉ ዕቃዎች በገበያ አሉ፤ በርካሽ የሚሠሩ ሰዎች ግን ለረጅም ጊዜ ከኪያ ስፖርቴጅ የመጀመሪያ ትውልድ የተነቀለ የውሃ መውጫ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ከዚያ ውስጡ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ረጅም ቱቦ በሞተሩ ጎን ተዘርግቶ እስከ ራዲያተሩ የላይኛው አፍ ይደርሳል።

አስቸጋሪው ሐሳቡ ሳይሆን ቦታው ነው። በቴስታታውና በግድግዳው መካከል እጅ እንደ ልብ አይገባም፤ የማቀጣጠያ ኮይሎቹም እዚያው ስላሉ በቅድሚያ መነሣት አለባቸው። ቱቦው በጭስ ማውጫው በኩል ካለፈ ከሙቀት የሚከላከል መጋረጃ ያስፈልገዋል፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ከስለታም ብረት ጋር የሚፋተግ ከሆነም ውሎ አድሮ ይቀደዳል። ሲታጠፍ የሚጨማደድ ቱቦ ደግሞ ፍሰቱን ስለሚያንቅ የድካሙን ፍሬ ያጠፋዋል። ከፊተኛው ቤት ወደ ስሮትል ቦዲ የሚሄዱት ትንንሽ ቱቦዎችም ሌላ ምንጭ ይፈለግላቸዋል ወይም እርስ በርስ ይገናኛሉ።

የሙቀት ሴንሰሮቹ በፋብሪካውም አሠራር ከቴስታታው ጀርባ ናቸው። በአዲሱ ቤት ላይ ውሃ በሚፈስበት ቦታ መቀመጥ አለባቸው። ሴንሰሩ አየር በታፈነበት ጥግ ከቀረ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ቁጥር ተመርቶ የነዳጁን መጠንና የማቀጣጠያውን ጊዜ ያዛባል። ስህተት የገባበት ፕሮግራም ስህተት እንደሚያወጣው ማለት ነው።

ኩላንቱ የሚቀዳው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። አዲሱ ሲሞላ አየሩ መውጣት አለበት፦ የመኪናው አፍንጫ ከፍ ይላል፣ የካቢን ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ የውሃው መጠን እስኪረጋ ይጠበቃል። በቴርሞስታቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቀዳዳ መኖሩ ከኋላው የታፈነውን አየር ለማስወጣት ይረዳል። ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት ኩላንት ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ስለሆነ የተቀዳው ፈሳሽ ልጆችና እንስሳት በሚደርሱበት ቦታ አይተውም።

ምን ይለውጣል፣ ምን አይለውጥም

በሰከንድ 1 ኪሎ ግራም ውሃ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ወደ 42 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሸከማል፤ ውሃና ግላይኮል እኩል ሲደባለቁ አኀዙ ወደ 35 ገደማ ይወርዳል። ይህን ሙቀት ወደ አየር የሚጥለው ራዲያተሩ ነው። የራዲያተሩ ስፋት፣ በላዩ የሚያልፈው አየርና የፋኑ ሥራ ካልተለወጡ ከመኪናው የሚወጣው ጠቅላላ ሙቀትም ብዙ አይለወጥም። የመስመር ቅየራው ጥቅም በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ማጥበቡ ነው።

ስለዚህ ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር ለገጠመ፣ ወይም መኪናውን በውድድር ሜዳ ለረጅም ጊዜ በሙሉ ኃይል ለሚነዳ ሰው ትርጉም አለው። ምንም ያልተነካ ሞተር ይዞ ከቤት ወደ ሥራ ለሚመላለስ ሰው ግን የፋብሪካው አሠራር ይበቃዋል፤ እንዲያውም አዲስ መገጣጠሚያ ሁሉ አዲስ የመንጠባጠቢያ ቦታ ነው። «ጌጁ ወረደ» ወይም «ጌጁ አልተንቀሳቀሰም» የሚለው ማስረጃም ደካማ ነው። ከቅየራው በፊት ሴንሰሩ የሚለካው ከኋላ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀሰውን ውሃ ነበር፤ ከቅየራው በኋላ የሚለካው የሞተሩን ዋና ፍሰት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር የተለያየ ነገር ማወዳደር ነው።

የሚሞቅ መኪና ካለ አስቀድሞ የሚታዩት የራዲያተሩ መደፈን፣ የክዳኑ መላላት፣ የቴርሞስታቱ አለመከፈትና የፋኑ አለመሥራት ናቸው። ክዳኑ በተለይ በደጋ አገር ይታሰብበታል። ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ በ92 ገደማ ይፈላል። ብዙ ቴርሞስታቶች መከፈት የሚጀምሩት ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሆነ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን ያለው መኪና ተራ ውሃ ተሞልቶበት አዲስ አበባ ላይ ሲነዳ የሚቀረው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን እዚያው አዲስ አበባ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። በአንድ ክዳን ዋጋ የሚገኘው ይህ ጥቅም በማንኛውም የቱቦ ቅየራ አይገኝም።

ሌሎች ቅየራዎች

ቴርሞስታቱን ማዛወር አውጥቶ ከመጣል ይለያል። ሞተሩ ሞቀ ተብሎ ቴርሞስታቱ ወጥቶ የሚጣልባቸው ጋራዦች አሉ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ለመሞቅ ይዘገያል፣ ነዳጅም ያባክናል፣ ዋናው ችግር ግን ባለበት ይቀራል።

በስሮትል ቦዲ ውስጥ የሚያልፈውን የውሃ ቱቦ አንሥቶ ሁለቱን ጫፎች ማገናኘት ሌላው የተለመደ የቤት ሥራ ነው። ዓላማው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ማቀዝቀዝ ቢሆንም፣ አየሩ በዚያ የሚያልፈው በቅጽበት ስለሆነ የሚገኘው ኃይል ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ውሃው እዚያ የተዘረጋው በብርዳማና እርጥብ አየር ስሮትሉ በረዶ እንዳይዝ ነው።

የካቢን ማሞቂያው ራዲያተር ሲያፈስስ ደግሞ ሁለቱን ቱቦዎች ከእሱ ነቅሎ እርስ በርስ ማገናኘት ለጊዜው ያገለግላል። እዚህ ላይ መድፈንና ማገናኘት አንድ አይደሉም። መስመሩ ከላይ እንደተገለጸው ኤም ኤክስ-5 ሲቀየር፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ሳለ ውሃው የሚዞረው በማሞቂያው በኩል ነው፤ ያ መንገድ ከተደፈነ ቴርሞስታቱ አጠገብ የሞቀ ውሃ ቶሎ አይደርስም፣ ቴርሞስታቱም ዘግይቶ ይከፈታል።